ባለ ሦስት በሩ መዝናኛ

ከአሸተን ማርያም ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ አያ ደባሱ አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሲገነቡ ኖሩ። ሚሊኒየሙ ሲቃረብ ታዲያ ቀበሌው የወጣቶች መዝናኛ እንዲሠሩለት ለመናቸው። ፕላን የሚባል ወረቀትም መጥቶ ነበር። አያ ደባሱ ገለበጡት፣ አቃኑት፣ መልሰው ለሊቀመንበሩ ለምሥጋናው ሰጡትና «ተወው፣ ድንጋዩ እኔን ያውቀኛል» አሉ። ምሥጋናው የምረቃው ቀን ደርሶበት ስለነበር እሺ አለ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ቀዩ ድንጋይ ክብ ሆኖ ተነሣ። በሰሜን፣ በደቡብና በምዕራብ በር ወጣለት፤ ምሥራቁ ድፍን ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ለመሆን የቀረው ጉልላት ብቻ ነበር።

ሪባኑ በተቆረጠ ማግስት እትዬ ባንችይርጋ ከገበያ ሲመለሱ ቅርጫታቸውን አውርደው መቃኑን ሳሙ። ከዚያ ወዲያ ሳይሳለም የሚያልፍ ጠፋ። ወጣቶቹም ጫማቸውን ደጅ እያወለቁ ገቡ፣ ጆተኒውን ከበው በሹክሹክታ ተጫወቱ፤ ጎል ሲገባ እንኳ የሚጮህ አልነበረም። በወሩ ጭራሽ መምጣቱን ተዉት።

ምሥጋናው ጦፈ። «ኧረ አያ፣ መዝናኛ ይሥሩልን ብንል ደብር ሠሩልን! እስከ ቅዳሜ ሰው ካልተጫወተበት የማዳበሪያ መጋዘን ነው የማደርገው።»

ማዳበሪያ! አያ ደባሱ እህል አልወርድ አላቸው። ከሠሩት ሁሉ ይህን ቤት ይወዱት ነበር፤ ቄስ ሳያርማቸው የሠሩት እሱን ብቻ ነዋ።

ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ፣ በጭቃ ጫማቸው ዘው ብለው ገቡ። ጎረቤታቸውን ይታገሱን ጎትተው ከጆተኒው ማዶ አቆሙትና መጫወት ጀመሩ። ኳሷ ስትገባላቸው «ጎል!» ብለው አምባረቁ።

ደጅ የቆመው ሁሉ አማተበ። ጣሪያው ግን አልወደቀም። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፤ ወዲያው ወጣቱ ጫማውን እንዳደረገ እየተጋፋ ገባ። እትዬ ባንችይርጋ ሳይቀሩ «ይኸን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ስስም ኖሬያለኋ!» ብለው ሳቁ።

አያ ደባሱ ስድስት ለአንድ ተሸነፉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። «ቤቴ ተረፈ» እያሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሊወጡ በሩ ላይ ደረሱ፤ ሳያስቡት ጎንበስ አሉና መቃኑን ሳሙ።

ከኋላቸው ጫጫታው እልም አለ። ዘወር ሲሉ ወጣቱ ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

ሰኞ ማዳበሪያው ገባ። ተሸካሚዎቹ ጆንያውን በትከሻቸው እንደያዙ፣ መቃኑን እየሳሙ አስገቡት።