ሲራጅ ከጅቡቲ ያመጣው ቃል

ዓዲላ በከሚሴ ገበያ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ ሙሐመድዘይን «ወደብ ላይ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሏት ወደ ጅቡቲ የወረደው ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ አብዮቱ ፈነዳ፣ የመሬት አዋጅ ታወጀ፣ ከሶማሌ ጋር ጦርነት ሆነ፣ ድንበሩም ተዘጋ። መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ ጨርቅ ይልክላት ነበር። ኋላ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ከዚያ ሰላምታውም ቀረ። ዘመድ አዝማድ «ፍችሽን ጠይቂ» ሲላት «ይቺን ክረምት ልያት» ትላለች። ያቺ ክረምት ስታልፍ ሌላ ክረምት ይመጣል።

አንድ የገበያ ቀን ሲራጅ ከመደቧ ፊት መጥቶ ቁጢጥ አለ። ሲራጅ በባቲ ወርዶ የአፋርን ምድር እያቋረጠ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ ጨርቅና የእጅ ሰዓት በግመል የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ኬላ ይፈራል፤ ንግዱን ግን አይተውም።

«አካም ኦልቴ፣ ዓዲላ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ አላት።

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። በደህና ገባህ?»

«ገባሁ።» ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልሽን አገኘሁት።»

የኮረሪማው መስፈሪያ ጣሳ ከእጇ አመለጠ። ዓዲላ ለማንሳት እንኳን አልጎነበሰችም። «ምን አለ?»

ሲራጅ ዓይኑን ጨፈነ፤ ለሸኹ ትምህርቱን እንደሚያሰማ ደረሳ ትንሽ ተወዛወዘ። «‹ዥቪያንድሬሲ› ብለህ ንገራት አለኝ።»

«ምን?»

«ዥቪያንድሬሲ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወላሂ አላውቅም። ፈረንሳይኛ ነው። ‹በአማርኛ ብነግርህ ኬላ ላይ ሲያስጨንቁህ ታወጣዋለህ፤ በኦሮምኛም ያው ነው። ይሄን ግን ብታወጣውም የሚገባው የለም፤ ጋሽ ቃሲም ይፈቱላታል› አለኝ። እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሙሉ ስደጋግመው ነው የመጣሁት።»

ዓዲላ ገበያው ሳይፈታ መደቧን ጠቀለለች። ቃሉ ከአፏ እንዳይወድቅ ሰላም ለሚሏት ሰዎች ራሷን በመነቅነቅ ብቻ እየመለሰች ወደ ጋሽ ቃሲም ቤት ገሰገሰች።

ጋሽ ቃሲም ወጣትነታቸውን በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጡ ያሳለፉ፣ በስተርጅና ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ወደ ጨፋ ከሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። ፈረንሳይኛቸውን የሚያናግራቸው ሰው ካጡ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ዓዲላ በር ላይ ቆማ «ዥቪያንድሬሲ» ስትል ሽማግሌው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ድገሚው እስቲ!»

«ዥቪያንድሬሲ።»

ደስታቸው ወዲያው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። «ወይ ጉድ! የት ላይ ነው የሚቆረጠው?»

«ምኑ?»

«ቃሉ ነዋ። ይሄ እኮ እንደ ሸንኮራ ነው፤ አንጓው ላይ ካልቆረጡት ይሰነጠቃል። ‹ዥ ቪያንድሬ ኢሲ› ብሎ ከሆነ ‹እዚህ እመጣለሁ› ማለቱ ነው።»

ዓዲላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ቆይ፣ አትቸኩይ። ‹ዥ ቪያንድሬ፣ ሲ› ብሎ ከሆነ ደግሞ ‹እመጣ ነበር፣ እንዲህ ቢሆን› ማለቱ ነው። እንዲህ የሚለው ነገር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።»

«ከዚያ ቀጥሎ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ? ያመጣሽው አንቺ።»

«ግን ሁለቱም ቪያንድሬ ናቸው እኮ! ‹እመጣለሁ› እና ‹እመጣ ነበር› እንዴት አንድ ይሆናሉ?»

«ሲጻፉ አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ጭራ ላይ አንዲት ፊደል ትጨመራለች፤ ግን አትነበብም። ደህና አድርጎ የሚናገር ፈረንሳይ ለሁለተኛው አፉን ከፈት ያደርጋል። የወደብ ሰው ግን ማን አፉን ከፈተ!»

ዓዲላ ትንሽ አሰበች። «‹እዚህ› ካለስ? እሱ ያለው ጅቡቲ፤ እኔ ያለሁት ከሚሴ። የትኛውን ነው እዚህ ያለው?»

ጋሽ ቃሲም ጢማቸውን አሻሹ። «እሱንም አላሰብኩትም።»

በሮብ ዕለት ዓዲላ ሲራጅን ፍለጋ ጨፋ ሮቢት ወረደች። ከከብት ተራው ጥግ አገኘችው፤ ጨርቁን ዘርግቶ ከአንድ ገበሬ ጋር ይከራከራል። ገበሬው እስኪሄድ ጠብቃ «‹ድሬ ኢሲ› ነው ‹ድሬ ሲ› ያለህ?» አለችው።

«አንቺ ስትዪው ሁለቱም ልክ ይመስለኛል።»

«በመሐል ‹ኢ› ሰምተሃል?»

«ኢ?» ሲራጅ በልቡ ደጋገመው። «ትኖር ይሆናል። ስደጋግማት በልቻትም ይሆናል።»

«ከዚያ በኋላስ ሌላ የጨመረው የለም?»

«ያወራ ነበር። ግን ፊቱን ዞር አድርጎ ስለነበር ለእኔ ይሁን ለግመል ጫኙ አላወቅሁም። ዓዲላ፣ ተይኝ እባክሽ። ቃልሽን ተሸክሜ መጣሁ፤ አሁን ደግሞ ሰባብረሽ ልታሸክሚኝ ነው።»

ወደ ከሚሴ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ «እመጣለሁ፤ እመጣ ነበር» እያለች ነው። በአማርኛ አንዱ ሌላውን አይመስልም። በአማርኛ አንድ ሰው ሊያታልላት ቢፈልግ እንኳን ውሸቱን ለይቶ መናገር አለበት። እንዴት ያለ ቋንቋ ነው ተስፋውንም ሰበቡንም በአንድ አፍ የሚናገር?

በማግስቱ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጋሽ ቃሲም ዘንድ ሄደች። «ያስተምሩኝ» አለቻቸው። «አንድ ቀን ሌላ ቃል ቢመጣ በራሴ ጆሮ ልስማው።»

ሽማግሌው ከቆጥ ላይ አሮጌ ሉህ አወረዱ፤ ልጆቻቸው ቁርዓን የተማሩበት ሰሌዳ ነው። በከሰል ጻፉበት፤ እሷም የቃሉን ምት ለመቁጠር እያየች ታጨበጭባለች። በ‹ቪያንድሬ› ላይ አምስቴ አጨበጨበች።

«አይደለም። በእኛ ፊደል አምስት ናቸው፤ በእነሱ አፍ ግን ሁለት ነው። ቪያን፣ ድሬ።» ሁለቴ አጨበጨቡ።

ከዚያ ‹መናገር› የሚለውን አስተማሯት። እኔ ስናገር ፓርል። አንተ ስትናገር ፓርል። እነሱ ሲናገሩም ፓርል። በሰሌዳው ላይ ግን ጭራቸው ይለያያል፤ ለአንዱ ባዶ፣ ለአንዱ አንዲት ፊደል፣ ለብዙዎቹ ደግሞ ረጅም ጭራ።

«ታዲያ ማን እንደተናገረ በምን ይታወቃል?»

«ከፊቱ ባለው።»

«በእኛ እኮ ‹መጣች› ካሉ አበቃ። ወንድ ነው ሴት ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«የእኛ ጭራ ይናገራል፤ የእነሱ ጭራ ዝም ይላል። አንዳንዴ ግን ከእሷ ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ የሞተችው ፊደል ትነሳለች። ‹ዝ› ትላለች።»

«ትነሳለች?»

«አንዳንዴ ነው ያልኩሽ።»

ዓዲላ ከዚያ ቤት የምትወጣው ስትገባ ከነበረችበት የባሰ ግራ ተጋብታ ነው። ቢሆንም አልቀረችም። እንደ ሞኝ እያጨበጨበች መቀመጡ ብቻዋን ቁጭ ብላ ከማሰብ ይሻላታል።

ጭብጨባው ግን አጥር ተሻግሮ ኖሯል። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አብደላ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«እዚህ የምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ ቃሲም። «ትምህርት ነው።»

«መሠረተ ትምህርት በቀበሌ ነው የሚሰጠው። ይሄ የምን ትምህርት ነው?» ሉሁን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። «ምን ይላል?»

«‹ኢል ፓርል›። ይናገራሉ ማለት ነው።»

«መጨረሻው ላይ ያሉት እነዚህስ?»

«እነሱ አይነበቡም።»

«አይነበቡም?» አብደላ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ዓዲላን አየ። «ሦስት ፊደል ተጽፎ የማይነበብ ከሆነ፣ ታዲያ ለማን ነው የተጻፈው?»

 ዓዲላ ከዚህ ባነሰ ነገር የተወሰዱ ሰዎች ታውቃለች። ቢጠይቋት ደግሞ ስለ ባሏ ልትናገር ነው፤ እሱም ቢመጣ በሩ ላይ ይጠብቁታል። ምን እንደምትል ሳታውቅ አፏ ቀደማት።

«‹ቃሉ› ላይም እኮ አሊፏ አትነበብም።»

«የትኛው ቃሉ?»

«የቁርዓኑ። ‹አሉ› የሚለው። ከዋው በኋላ አሊፍ የምትባለው ፊደል ትጻፋለች፤ ግን አናነባትም። ብዙ ሰዎች ሲሆኑ ነው… እኔ እንጃ፣ እንደሱ ነው የቀራሁት።»

አብደላ ካድሬ ከመሆኑ በፊት ዳና ላይ ሸኽ ዘንድ ደረሳ እንደነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን አያነሳውም። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«እሷማ አለች» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ የሰማው እንዳለ ለማየት ወደ በሩ ዞረ። ሉሁን መልሶ አስቀመጠ። «ማወቅ ጥሩ ነው። ግን አታጨብጭቡ። ጭብጨባ የስብሰባ ነው።»

ከወጣ በኋላ ጋሽ ቃሲም ተነስተው በሩን ዘጉ።

ክረምቱ ወጥቶ ሲራጅ ጭነቱን ማሰናዳት ጀመረ። ዓዲላ መልስ መላክ አለባት፤ ግን ላልገባት ነገር ምን ብላ ትመልስ?

«‹ምን ቢሆን ነው የምትመጣው?› ብለሽ ጠይቂው» አሏት ጋሽ ቃሲም።

«በሲራጅ አፍ? ጥያቄዬ ባቲ ሳይደርስ ሌላ ጥያቄ ይሆናል። አንድ ምት ያለው ቃል ይስጡኝ። ማንም የማይቆርጠው።»

ሽማግሌው አሰቡና «ቪያን» አሉ። «‹ና› ማለት ነው። ግን ዓዲላ፣ ሁኔታ አስቀምጦ ከሆነ ምንም ይሁን ምን ተቀብያለሁ ማለትሽ ነው።»

«ምን ሊያስቀምጥ ይችላል? መንገዱ ሰላም ከሆነ ብሎ ይሆናል። ጤና ካገኘሁ ብሎ ይሆናል።»

ለሲራጅ ነገረችው። «ቪያን ብቻ?» አለ ሲራጅ፤ ሸክሙ ስለቀለለለት ፊቱ በራ።

ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ ፀሐይ ሊገባ ሲል ጢሙ ሽበት የቀላቀለ ሰው በዓዲላ በር ቆመ። ያወቀችው በአቋቋሙ ነው፤ ግራ ትከሻው ድሮም ዝቅ ይል ነበር። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ልጅ የሽርጡን ጫፍ ይዛለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዓዲላ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም።» ዓይኗ ከልጅቷ ላይ አልተነሳም።

«ሲራጅ ‹ቪያን› ብላሃለች ሲለኝ እዚያው ወደቡ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ» አለ ሙሐመድዘይን። «ሌላ ሴት ብትሆን አትቀበላትም ነበር።»

«ማንን?»

ሰውየው ግራ ገባው። «ሀዲጃን ነዋ። ነገርኩሽ እኮ። ‹እመጣ ነበር፣ ልጄን ከተቀበልሽልኝ› ብዬ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም።»

ዓዲላ የበሩን መቃን ያዘች። ቀጥሎ የነበረው ይሄ ነው። የመንገድ ሰላም አይደለም፤ ጤናም አይደለም። እሷ እዚህ ክረምት ስትቆጥር እሱ እዚያ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ቀብሯል። በማን እንደምትቆጣ አላወቀችም፤ በእሱ ነው፣ በሲራጅ ነው፣ «ና» ባለችው በራሷ አፍ ነው?

«ለምን በአማርኛ አልላክህልኝም?»

«ለሲራጅ የነገሩት ሰኞ ባቲ፣ ሮብ ሮቢት ይሰማል። በኬላው አመካኘሁ እንጂ አፍሬ ነው።»

በዚህ መሐል ልጅቷ ቀና ብላ ዓዲላን አየቻትና «ጄ ስዋፍ» አለች።

‹ጄ› የሚለውን ዓዲላ ታውቀዋለች፤ ‹አለኝ› ነው። ግን ምን አላት? እጇን አየች፤ ባዶ ነው። ገብታ ቂጣ አመጣችላት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና «ስዋፍ» አለችና ጥግ ወዳለው እንስራ ጠቆመች። ዓዲላ በጣሳ ቀዳችላት። ልጅቷ ጨለጠችው፤ ሌላም ጠጣች።

«እሷ ትግባ» አለች ዓዲላ። «አንተ ጋሽ ቃሲም ዘንድ እደር።»

ሙሐመድዘይን ሳይከራከር ሄደ። ቀበሌ ቀርቦ ተጠየቀ፤ ጓድ አብደላ ብዙ አፈጠጠበት፣ በመጨረሻ ግን ለቀቀው። ባልየው ቀን ቀን ከመስጊዱ አጥር ሥር ይቀመጣል። ዓዲላ በዚያ ስታልፍ ሰላምታውን ትመልሳለች፤ ሌላ አትጨምርም። ሌሊት ከልጅቷ ጎን ተኝታ እንዲህ ብነግረው፣ እንዲያ ብነግረው ትላለች፤ ሲነጋ ሁሉም ይጠፋባታል። ሀዲጃ በቀን መደቡ አጠገብ ተቀምጣ የገበያተኛውን አማርኛም ኦሮምኛም እየለቀመች ትውላለች።

አንድ ጁምዓ ምሳው ሲደርስ ዓዲላ ልጅቷን «ሂጂ፣ አባትሽን ጥሪው» አለቻት። ሀዲጃ እየሮጠች ሄዳ፣ ከሶላት በወጣው ሰው ሁሉ ፊት «አባ፣ ነይ! ምሳ ነይ ብሏል!» ብላ ጮኸች።

ሰዉ ሳቀ። ሙሐመድዘይን ግን አልሳቀም። «ማን ነው ያለው?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ወደ ቤቱ ጠቆመች። ተነስቶ ተከተላት።

ዓዲላ መአዱን አቅርባ ጠበቀቻቸው። ልጅቷን ከጎኗ፣ እሱን ከፊት ለፊቷ አስቀመጠች። እሱ እጁን ታጥቦ ዓይን ዓይኗን እያየ ቆየ፤ ቀድማ እንድትናገር ይጠብቃል።

«ብላ» አለችው።