መርፌ አይነካውም

ባጃጅ ለአገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። የቀወቱ ገበሬ ሰዲቅ የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱም ውሃ ቋጥሮ ተነረተ። የሸዋ ሮቢቱ ሐኪም ጉበቱ ክፉኛ መጎዳቱን፣ የቋጠረው ውሃም ኢንፌክሽን መፍጠሩን ተናገረ። ማስተኛ አልጋ ግን አልነበረም።

«ቤትሽን ሆስፒታል ካደረግሽው ነርስ ከነመድኃኒቱ እልክልሻለሁ» አላት ሐኪሙ የሰዲቅን ሚስት ሙሀባን። ምናልባት ቀልዱን ነበር። ሙሀባ ግን በዚህ ነገር የምትቀልድ ሴት አይደለችም።

እቤቷ እንደገባች እህል የተከመረበትን ክፍል አስለቅቃ ግድግዳውን ኖራ ቀባችው። የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ አደረገች፤ አጎበር ሰቀለች፤ ወጡን ያለ ጨው ሠራች። ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «ተራችሁን ጠብቁ፣ አትንጫጩበት» ስትል መንደሩ ጉድ አለ። «ዶክተር ሙሀባ» እያሉ አፌዙባት። እሷ እቴ! ጆሮዋንም አልሰጠቻቸው።

ዋናው ጣጣ የመጣው ነርሷ ሲስተር የሺ መርፌዋን ይዛ ስትደርስ ነው። በዚያ አገር የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ብሎ የማያምን የለም። የሰዲቅ ታላቅ ወንድም አብዱልሀኪም ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና በሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠ።

«ወላሂ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ወንድሜን መርፌ አይነካውም!»

«ዛሬ ካልጀመረ አይተርፍም» አለች የሺ ለሙሀባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሰዲቅ ከውስጥ ይቃዣል፤ ሚስቱን እንኳ መለየት ትቷል።

ሙሀባ ፈራች። እሷም ያደገችው ያንኑ ወሬ እየሰማች ነው። ግን መርፌ ሳይነካቸው የተቀበሩትንም ታውቃለች፤ አንዱ የገዛ አባቷ ነበር። ይህ ትዝ ሲላት ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሥራ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«ስሙኝ፤ መርፌው ከገደለው ገዳዩ እኔ ነኝ። የደም ካሳው በእኔና በወገኖቼ ላይ ይሁን። ጋሼ አብዱልሀኪም፣ አንቱም በሉ እንግዲህ! ሳይወጋ ከሞተ ‹ገዳዩ እኔ ነኝ› ይበሉና ከደጄ አይነሱ!»

እንዲህ ያለ ነገር ሴት ቀርቶ ወንድ እንኳ ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ወደ አብዱልሀኪም ዞሩ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳና ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

የሺ ገባች። ግሉኮሱን ከማገሩ ላይ አንጠልጥላ መርፌዋን ወጋች። በማግስቱም መጣች፤ በሳልስቱም። አብዱልሀኪም ከግራሩ ሥር አልተነቃነቀም። የሚጠብቀው የወንድሙን ሞት ነበር፤ መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎችም አዘጋጅቷል።

አንድ ጠዋት በተከፈተው በር በኩል የሰለለ ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ! አንተ እዚህ ተቀምጠህ ማሽላውን ማን ይጠብቀዋል? ጦጣ ይጨርሰው?»

አብዱልሀኪም ሰው እያየው ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሙሀባ አላባበለችውም። የሰዲቅ ጉበት እንዳልዳነ፣ ገና ብዙ መንገድ እንደሚቀር የሺ ነግራታለች። ከአብዱልሀኪም አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«እንባዎን ይጥረጉና ይግቡ፣ ጋሼ። ሲስተር መርፌውን አዘጋጅታለች፤ ክንዱን የሚይዙት አንቱ ነዎት።»