ከመሀል የተጠየቀው ማሽን

የብርጓል ማለት ወረቀት የምትወድ ሴት ናት፤ ይህን ጠላቷም አይክዳትም። ገበያ ስትወጣ ዝርዝር ትጽፋለች፣ ልብስ ስታጥብ ትጽፋለች። እንግዲህ አባል የሆነችበት ማኅበር ሰርቨር ወደ ሌላ ማሽን ሊዛወር ነው ሲባል ምን ልታደርግ እንደምትችል አስቡት! ሠላሳ አንድ ተራ ቁጥር ያለው ዕቅድ አወጣች። አራት ወረቀት አያይዛ፣ ፔዳ ሰፈር ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ማኅበሩ «ማኅደር» ይባላል። አባላቱ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ከሥራ መልስ በነጻ የሰው ድረ ገጽ ያስተናግዳሉ። የቆጋ ድንች አምራቾች የመስኖ ውኃ ተራቸውን በስልካቸው የሚያዩት በዚህች ክፍል ውስጥ በሚያንጎራጉረው ማሽን አማካይነት ነው። ማሽኑ ግን የራሳቸው አልነበረም። አንድ መሥሪያ ቤት አውሷቸው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መኪና እንልካለን፤ ባዶ አድርጋችሁ አስረክቡን» የሚል ደብዳቤ መጣ።

ምን ይደረግ? አባላቱ ከየቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር እየፈቱ አንድ አዲስ ማሽን ገጣጠሙ። እግዜር ይስጠው፣ ሠራ። ዲስኩ ግን ከበፊተኛው በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ የብርጓል በዕቅዷ ዘጠነኛ ተራ ላይ «ከአምስት ዓመት ወዲህ ያልተነካ ፋይል አይዛወርም» ብላ ጻፈች። ሁሉም አጨበጨበላት፤ እሷም ደስ አላት።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃት የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ነገር ነበር። መሪጌታ ጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዐርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ዜማ በድምፃቸው አስቀርጸው ማኅደር ላይ ተቀመጠ፤ በየደብሩ ያለ ተማሪ ከዚያ እየሰማ ያጠናል። ዘንድሮ ጉሮሯቸውን ታመሙና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን በዚያው ቀረ። አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ዜማማ የማይታሰብ ነው። የብርጓል ልትጠይቃቸው ሆስፒታል ሄዳ ሲያንሾካሹኩ ስትሰማ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «መሪጌታ፣ ድምፅዎ እኛ ዘንድ ነው፤ አይሥጉ» አለቻቸው። ሌላ ቅጂ እንደሌለ ታውቃለች። ቃል ከገባች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከዕቅዱ ሃያ ስድስቱ ተራ ተሠርዞ አልቋል። ሃያ ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «አሮጌው ዲስክ ከመጥፋቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ያያል፣ ይፈርማል።»

«የብርጓል፣ ይኸ ሰርቨር ነው ወይስ የውርስ ቤት?» አለ ክንዱ። ክንዱ በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ እሾህ። «ዲስኩ ላይ ያለውን ለማጥፋት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መኪናው በዘጠኝ ይመጣል። አሁን ካልጀመርሁ መቼ ልጀምር ነው?»

«ሌላው ፈርሟል፤ መሪጌታ ግን አልፈረሙም።»

«ከሐይቁ ማዶ የሚያመጣቸው ጀልባ በጧት ነበር የሚደርሰው። ነፋስ ተነሥቷል፤ ዛሬ አይመጡም።»

የብርጓል ወደ አዲሱ ማሽን ዞረች። የመሪጌታን ገጽ ከፈተች፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱም የዜማ ስም ተደርድሯል። አንደኛውን ነካችው። ያ የምታውቀው ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«በቃ! ስሙ ሙሉ፣ ድምፁ ሙሉ» አለ ክንዱ። እጁ የአሮጌው ማሽን ቁልፍ ላይ ነው። «ፈርሚላቸውና እንገላገል።»

እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶዋን አንሥታ ነበር። ደክሟታል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወንበር ላይ ነው የምታድረው። ግን ወረቀቱ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን መልሳ ከደነችው። «አልፈርምም፤ የሳቸው ቦታ ነው» አለች።

«መኪናው ሲመጣ አንቺ ነሽ የምታናግሪው! እኔ የለሁበትም!»

«አናግራለሁ!»

ኩርፊያው ግማሽ ሰዓት ቆየ። ከዚያ በሩ ተንኳኳና መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ነጠላቸው በሞገድ ርሶ ገቡ። ተማሪያቸው ዲያቆን ቃለ ሕይወት ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ቦርሳቸውን ይዟል። ዐሥራ አንድ ዓመት ከእግራቸው ሥር ያልጠፋ፣ ጢሙ የሸበተ ተማሪ ነው።

«ውኃው አላሳልፍ ብሎን ነው፤ ሁለት ጊዜ ወጥተን ሁለት ጊዜ ተመለስነ» አለ ዲያቆኑ።

መሪጌታ ተቀምጠው አዲሱን ማሽን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አዲሱ ተማሪ ይኸ ነው?» አሉ በሹክሹክታ። የብርጓል ሳቀች። ክንዱ ቶሎ ብሎ አንደኛውን ዜማ ከፈተላቸው። መሪጌታ ግን ጣታቸውን አወዛወዙ።

«ተማሪ ከመጀመሪያው አይጠየቅም» አሉ። «መጀመሪያውንማ ማንም ያጠናል። ከመሀል ጠይቂልኝ ልጄ። ዘጠና ሁለተኛውን።»

የብርጓል ዘጠና ሁለተኛውን ነካችው። ዝም። እንደገና ነካችው። ዝም። መቶ ዐምሳኛውን፣ ሁለት መቶኛውን። ዝም፣ ዝም።

«ኬብሉ ነው» አለ ክንዱና ነቅሎ ሰካው። አንደኛው ይዘምራል፤ ዘጠና ሁለተኛው ዝም ነው። የብርጓል ማሽኑ ውስጥ ገብታ ፋይሎቹን ቆጠረች፤ ዐሥራ ሁለት ብቻ። ስሙ ሁሉ መጥቷል፣ ድምፁ ግን ቀርቷል። ክው አለች። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ወደ አሮጌው ማሽን ሄዳ ከፈተችው። ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱም አለ! እፎይ ብላ ልታለቅስ ቃጣት። ግን ለምን ቀረ? የተቀረጸበትን ቀን ተመለከተች። ዐሥራ ሁለቱ ያኔ በራሷ ስልክ የቀረጸቻቸው ናቸው፤ ዲያቆኑ የቀረጻቸው የቀሩት ሁለት መቶ ሁለቱ ላይ ግን ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ይላል።

«ዲያቆን፣ የቀሩትን በምንድን ነው የቀረጽሃቸው?»

«በገዛሁት መቅረጫ ነዋ። መጀመሪያ ሲከፈት ዓመቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት።»

«ምን ብለህ?»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት! ዓመተ ምሕረቱ ነበራ! እንዴ፣ ልዋሸው ኖሯል?»

ለካስ ነገሩ ይኸ ነው። ዲያቆኑ ያገሩን ዘመን በእውነት ነገረው፤ ማሽኑ ደግሞ በፈረንጅ ቆጠረው። የሁለት ዓመት ቅጂ ዐሥር ዓመት ያረጀ መሰለ፣ ዘጠነኛው ተራም እንደ ውዳቂ ጥሎት አለፈ።

ክንዱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በሰባት ሰዓት ጀምሬው ቢሆን ኖሮ» አለና የአሮጌውን ማሽን ቁልፍ አየ።

የብርጓል መሪጌታ ፊት ቆመች። «ያንን ሕግ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ድምፅዎን ልጥለው ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

መሪጌታ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ረጅም ጊዜ አዩት። «ሃያ ሰባተኛውንስ ማን ጻፈው?» አሉ።

«እኔው።»

«እንግዲያ ምን ታለቃቅሻለሽ? አስገቢው እንጂ፣ ልጄ፣ ቀኑ መሸ!»

ማዛወር ጀመሩ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ ዲስኩ ጠበበ። የብርጓል ትልልቁን ፋይል ስትፈልግ ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? የክንዱ የሠርግ ቪዲዮ! የሦስት ዓመት ዕድሜ ስላለው ሕጉን አክብሮ፣ ተዝናንቶ ተዛውሯል።

«ወለላ ከሰማች ትፈታኛለች» አለ ክንዱ፤ ግን ሳይከራከር ሠርጉን ወደ ላፕቶፑ አወጣው።

በዘጠኝ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አቶ አዘዘ መጡ። ፊታቸው ጭፍግግ ያለ ነው። «ባዶ ነው?» ከማለታቸው ከአዲሱ ማሽን ዘጠና ሁለተኛው ዜማ ተነሣ። አቶ አዘዘ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። «ስትጨርሱ ንገሩኝ» አሉ።

መሪጌታ አዲሱን ተማሪያቸውን ሲፈትኑ ቆዩ። ከመሀል፣ ከመጨረሻ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ደግሞ ከመሀል። ማሽኑ ሁሉንም መለሰ። መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ድንገት አነሡ።

«እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» አሉ። «አንዷን የዜማ ምልክት ዘልያታለሁ። ተማሪ ሁሉ እንዲህ ተሳስቶ ሊያጠና ነው? መታረም አለበት።»

ማን ያርመው? እሳቸው ከእንግዲህ እንደማይዘምሩ ሁሉም ያውቃል። መሪጌታ ወደ ቃለ ሕይወት ዞሩ። «አንተ ዜማውን በለው።»

«እኔ?» ዲያቆኑ ደነገጠ። «እርስዎ ባሉበት? በዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጡኝ ጨርሼ አላውቅም!»

«በለው አልሁህ።»

የብርጓል ስልኳን አውጥታ መቅረጫውን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቃለ ሕይወት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሪጌታ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ይከተሉታል። ያቺ የተዘለለችው ቦታ ስትደርስ ጣታቸው አየር ላይ ቆመ፤ ቃለ ሕይወት ሳይዘል አነሣት፣ አስተካክሎ አወረዳት። ሁሉም መሪጌታ ያቋርጡታል ብሎ ጠበቀ። አላቋረጡትም። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ጋ ሄዱና ሃያ ሰባተኛው ተራ ላይ ስማቸውን በቁም ጽሕፈት ጻፉ። የብርጓል እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ፣ «እንግዲህ መሪጌታ፣ ድምፅዎ እኛ ዘንድ ነው» አለቻቸው፤ አሁን ያለ ፍርሃት።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስክሪብቶውን መለሱላትና ወደ ቃለ ሕይወት እያመለከቱ፣ ጆሮዋ ጋ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

«አንቺ ዘንድ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። እሱም ዘንድ አለ።»

ክንዱ አሮጌውን ዲስክ ማጥፋት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አቶ አዘዘም ሁለቱን ሰዓት ካርቶናቸው ላይ ሆነው ጠበቁ።