ሐርካ ያልቆመበት ቦታ

...ጋዝ ነው፣ ተኛ፣ ያልኩት ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም፣ ባቡሩ ውስጥ የድምፅ ማጉያዋ ሴትዮ በማላይኛ በሮቹ ሊዘጉ ነው ስትል እንኳ እኔ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው፣ እንቅልፍ ያልጠገበ፣ የተነጫነጨ ድምፅ፣ ጋዝ ነው ተኛ ዳይ። ዳይ። ሐርካን ታላቅ ወንድሜ ብዬ እየጠራሁት እኮ ነው።

የት ልውረድ አሁን። የትም ውረድ ብሎኛል ሙሩጋን፣ የፋብሪካችን ሹፌር፣ ጠዋት የሐርካን የሬሳ ሳጥን አውሮፕላን ጣቢያ ካርጎ አስረክበን ስንወጣ፣ ቦስ፣ አለኝ፣ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ቦስ ነው፣ ሻይ ቀጂውም ጠራጊውም፣ ቦስ፣ በረራህ ማታ ሁለት ሰዓት ነው፣ እዚህ ተገትረህ ምን ልትሠራ፣ ከተማ ላድርስህና በባቡር ዞር ዞር በል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካለህበት መጥቼ አነሳሃለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖረህ ኳላላምፑርን ሳታይ ልትሄድ ነው እንዴ። አዎ ነው። ከመኝታ ቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ መኝታ ቤት። ኮንትራቴ በዚህ ወር አለቀ፣ እንግዲያው አንተው ይዘኸው ሂድ አሉኝ አለቆቹ፣ ያገርህ ልጅ አይደል፣ አዎ ያገሬ ልጅ ነው፣ የእሱ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ ኮረብታ ላይ ነው፣ ዶሯቸው እኛ ጓሮ ነው የምትጥለው።

እኩለ ቀን ነበር። ይሄን ማንም አይጠይቀኝም፣ ሰው በእንቅልፉ ሞተ ሲባል ሁሉም ሌሊት ይመስለዋል፣ እኛ ግን የሌሊት ፈረቃ ነን፣ ጓንት ከማሽን ላይ ስንገፍፍ አድረን ጠዋት ነው የምንተኛው፣ መስኮቱ ላይ ካርቶን ለጥፈን፣ አሥራ ሁለት ሰው ባንድ ክፍል፣ እሱ ከታች እኔ ከላይ። አልጋዬን ከሥር በጉልበቱ ነካ አደረገው። ፑርና፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦብኛል። ሐርካ አልቃሻ አልነበረም፣ ማሽን ጣቱን የያዘው ጊዜ እንኳ ማሽኑን ነው የሰደበው፣ አውቃለሁ፣ እያወቅኩ ነው። ጋዝ ነው፣ ተኛ። ዝም አለ። ዝም በማለቱ ደስ አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ የስልኩ ደወል ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚያጠፋው ጠፋ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፣ የሟቹ አሟሟት ተፈጥሯዊ መሆኑ በሐኪም ተረጋግጧል። ማኅተም። ፊርማ። ተፈጥሯዊ።

አንድ መስጊድ ጋ ያለው ጣቢያ እወርዳለሁ፣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ይለጠፋል፣ ሁለቱ ወንዞች እዚህ ነው የሚገናኙት፣ ሁለቱም ጭቃ፣ ሰው ግን ተደርድሮ ፎቶ ይነሳል፣ ሞተር ብስክሌቶቹ በእግረኛው መሐል ይሹለከለካሉ፣ አንዱ ጥሩንባውን ጆሮዬ ላይ ይነፋል፣ ዓይንህን ግለጥ እንጂ፣ ይላል፣ ልክ ነው፣ ይግባኝ የለኝም። ሮቲ የሚሉትን ቂጣ የሚጋግሩበት ቤት እገባለሁ፣ አስተናጋጁ ሻዩን ከጣሳ ወደ ጣሳ ከላይ እየለቀቀ አረፋ ያስነሳል፣ ቦስ፣ ከኔፓል ነህ አይደል፣ ፊትህ ይናገራል፣ ዛሬ እረፍት ነው? አገሬ ልገባ ነው። ወይ ጉድ፣ ሚስት ልታገባ ነዋ! ብቻህን ነህ? ከጓደኛዬ ጋር ነኝ። የታለ ታዲያ፣ ጥራው እንጂ፣ ሻይ ይጠጣ። ቀድሞኝ አውሮፕላን ጣቢያ ሄዷል። እሱ ነው ጎበዝ፣ ይላል አስተናጋጁ፣ ከት ብሎ ይስቃል፣ አንተ ትቀርና እሱ ይሄዳል። ሮቲው አፌ ውስጥ ካርቶን ይሆናል።

ስልኬ ይንቀጠቀጣል። ማንሱባ። የሐርካ ሚስት፣ ባውጁ ነው የምላት፣ የወንድሜ ሚስት። ባውጁ፣ ሁሉ ነገር አልቋል፣ ሳጥኑን አስረክበናል፣ ዛሬ ሌሊት ካትማንዱ እንገባለን፣ እላለሁ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ክፍተት ሳልሰጣት። እሺ፣ ትላለች። እሺ ወንድሜ። ያን ቀን የነገርከኝን ድገምልኝ። የቱን? ሊሞት ሲል ስሜን ጠራ አላልክም? ብያለሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ብያለሁ፣ ስታለቅስ አፌ ያገኘውን ሰጣት፣ ስምሽን ጠራ፣ ሌላ ምን ይባላል። አዎ፣ ስምሽን ጠራ። እንዴት አድርጎ? ማንሱባ ብሎ። ከኋላዋ ሰው እንጨት ይፈልጣል። እሺ፣ ትላለች፣ ሰንማያ ልታናግርህ ትፈልጋለች። ልጃቸው አሥር ዓመቷ ነው፣ አባቷ ሲሄድ ገና ትድህ ነበር፣ አጎቴ፣ አባዬ ፎቶ የተነሳበት ቦታ፣ ሁለቱ ረጃጅም ፎቆች ጋ፣ የቆመባትን ቦታ አንሳልኝ፣ ቦታዋን ብቻ።

እሺ የኔ ልጅ። እሺ አልኩ።

ስለዚህ በባቡር እየሄድኩ ነው፣ ሰው እንደ ከረጢት ታጭቆ፣ የአንዱ ጃንጥላ ጎኔን እየወጋኝ፣ ያቺን ፎቶ አውቃታለሁ፣ እናቱ ቤት ግድግዳው ላይ ነች፣ ከሞተ ወዲህ አበባ ተንጠልጥሎባታል አሉ፣ ሐርካ በተዋሰው መነጽር፣ በእኔ ሸሚዝ፣ ጀርባው መንትዮቹ ፎቆች፣ እጁን ኪሱ ከቶ የሰፈሩ ባለጠጋ መስሎ። እወጣለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ አቤት ርዝመታቸው፣ አንገት ይሰብራሉ፣ ፎቶ አንሺዎቹ ይከቡኛል፣ ቦስ፣ ሙሉ ፎቁ ፎቶው ውስጥ ይገባልሃል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ባንድ ደቂቃ! ቦታውን እፈልጋለሁ። ፏፏቴው ጋ፣ አይደለም። ደረጃው ጋ፣ አይደለም። ምን ነካኝ፣ የምፈልገው ምንድነው፣ ገበያው ውስጥ ያለው ፎቶ ቤት እኮ ነው የተነሳው፣ እኔም ነበርኩ፣ ፎቆቹ ሸራ ላይ ተስለው፣ ሐርካ ጫማው እንዳይታይ ከጉልበት በላይ አንሳኝ እያለ፣ እኔ ከካሜራው ጀርባ በሳቅ ስፈነዳ። እዚህ ቆሞ አያውቅም። የትኛውንም ንጣፍ ባነሳ እሱ አልረገጠውም። ማንኛውንም ባነሳ ግን ልጅቷ ታምናለች፣ አሳትማ ትሰቅላታለች፣ ቀላል ነው፣ አንዷን ንጣፍ መምረጥ ነው፣ ስልኬን ወደ መሬት አዘቀዝቃለሁ፣ እጄ ግን እንቢ ይላል፣ አንድ ውሸት ግድግዳ ላይ አለ፣ አንድ ውሸት ማንሱባ ደረት ውስጥ አለ፣ ሦስተኛው...

ይጠራል። ስልኩ ነው፣ ማንሱባ ናት።

ወንድሜ፣ ትላለች፣ ቅድም ሰው ስለነበረ ነው፣ አሁን ብቻዬን ነኝ። ሐርካ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። የሰንማያ እናት ነው የሚለኝ፣ ከሰንማያ በፊት ደግሞ አንቺ፣ ስሚ አንቺ። ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ። ምንድነው ያለው?

ሰማዩ ያጉረመርማል፣ ቱሪስቶቹ ወደ ጥላ ይሮጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ጠጠር ይወርዳሉ፣ እኔ ቆሜአለሁ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦብኛል፣ ነው ያለው። ለማን? ለእኔ። አንተስ? ጋዝ ነው፣ ተኛ አልኩት። ከዚያስ? ተኛሁ። ተኛሁ ባውጁ፣ እኩለ ቀን ነበር፣ ሐኪሙ ከግቢው ማዶ ነበር፣ መንገድ መሻገር ብቻ ነበር፣ ተኛሁ።

ዝናቡ ጆሮዬን ይሞላዋል፣ ስልኩ ተዘጋ ስል ትንፋሿ ይመጣል፣ አጭር፣ ዳገት እንደወጣ ሰው። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ለእናቱ ይሄን አትነግራትም፣ ትላለች በመጨረሻ። እሺ። ተኝቶ ነው ትላታለህ። እሺ። ለልጄም ቦታው አልተገኘም በላት፣ አላነሳህም አይደል? አላነሳሁም። እንዳታነሳ፣ የፎቶ ቤት ሸራ እንደሆነ ድሮ አውቃለሁ፣ መች ጅል ነኝ። ሳጥኑን ደግሞ አንተ ነህ የምትሸከመው፣ መኪናው ከቆመበት እስከ ቤት፣ ከፊት በኩል። እሺ ባውጁ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። አይመስለኝም። ትዘጋዋለች።

ሙሩጋን ይደውላል፣ ቦስ የት ነህ፣ ዘጠኝ ሊሞላ ነው፣ ፎቆቹ ጋ ነኝ እለዋለሁ፣ ኧረ ዝናብ ነው፣ ግባ ጥላ ሥር፣ እሺ፣ አልገባም፣ ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣብቋል፣ ከፊት በኩል አለች፣ መኪናው የሚቆመው የኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፣ ከዚያ እስከ እነሱ ደጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልቁለት ነው፣ ድንጋዩ በዚህ ወር ያዳልጣል፣ ሰው ለሰው የማያሳልፈው ጠባቡ መታጠፊያ አለ፣ እዚያ የጎን ተሸካሚዎቹ ይለቃሉ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይቀራል፣ ኋላና ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ የሚመጣው ከፊት ያለው ትከሻ ላይ ነው፣ ይሄን እዚያ ተራራ ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።