ቦታዬን የጠበቁልኝ እትዬ

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ሩሲያ ለመንግሥታችን መሣሪያ፣ ሮም ላለነው ደግሞ ጉንፋን ላከችልን። ጋዜጣው «የሩሲያ ጉንፋን» ነበር የሚለው። ዓለምን እየዞረ ወጣቱን አልጋ ላይ ሲጥል፣ ትልልቆቹን ግን ብዙም አይነካም ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አልማረኝም።

የምሠራው ሕፃን ያለበት ቤት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ስስል የሰማችኝ አሠሪዬ ሲኞራ ሻንጣዬን ራሷ ደጅ አወጣችልኝ። አልፈርድባትም፣ ልጇ ገና የሦስት ወር ነው። ግን በር ላይ እንደቆምኩ «አሎራ፣ እንግዲህ ጉንፋኑ ይዞሻል፣ እስከ ሰኞ ካልተሻለሽ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሥራዬ ከሄደ ፔርሜሶዬም፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አብሮ ይሄዳል። ያለ እሱ ዕጣዬ አዲስ አበባ መመለስ ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከዚያ የሚሸሽ እንጂ ወደዚያ የሚመለስ ሰው አላየሁም።

እየተንቀጠቀጥኩ በትራም ወደ ኤስኲሊኖ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ አምስት የቤት ሠራተኞች ሆነን የተከራየናት አንድ ክፍል ነበረችን። ሌላውን ቀን የምናድረው በየአሠሪዎቻችን ቤት ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ፣ በዕረፍታችን፣ እዚያ ተሰብስበን አማርኛ እስኪወጣልን እናወራለን። ከአምስታችን በዕድሜ ትልቋ እትዬ እታገኘሁ ግን ያን ሰሞን ሁልጊዜ እዚያው ነበሩ። አሥራ አምስት ዓመት ምግብ ያበሰሉላቸው አሮጊት ገና ላይ ሞተውባቸው ሥራ ፈትተዋል። የእሳቸውም ፔርሜሶ ሊያልቅ ሁለት ወር ነው የቀረው።

በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?» አሉና መልሴን ሳይሰሙ አልጋቸው ውስጥ ከተቱኝ። አጥሚት አፈሉልኝ። ከአገር ቤት የመጣላቸውን ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አቀረቡልኝ፤ አልጠጣም ብል አፍንጫዬን ይዘው አጠጡኝ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፣ አለቀስኩም።

«ቦታሽን ማን ይጠብቅልሻል?» አሉ ትንሽ ስረጋጋ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ገብታ ትሠራላታለች፣ ሲኞራዋ እንግዳ ሰው እንዳትቀጥር።

«ማን አለ እትዬ? ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።»

«እኔ አለሁ አይደል? ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አድራሻውን ንገሪኝ።»

በማግስቱ ሄዱ። ሐሙስ ሦስቱ ጓደኞቻችን ይይዛችኋል አትምጡ ብንላቸውም ድስት ተሸክመው መጡ። መሠረት የምትባለው ቀልደኛዋ «እትዬ አብስለውላት ሲያበቁ ሲኞራሽ አንቺን የምትመልስ ይመስልሻል?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እውነቷን ነበር። የእትዬን እጅ የማያውቅ የለም፤ እኔ እንቁላል እንኳ ስጠብስ አሳርራለሁ። ሥራ የፈታች ባለሙያ በገዛ እጄ ኩሽናዬ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለሱ እሳቸው አጥሚቴን ሲያሞቁ እኔ ፊታቸውን እሰልላለሁ።

«ዛሬ ሲኞራዋ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ ትጮኻለች።»

አላመንኳቸውም። አልጋቸው ላይ ተኝቼ፣ ከእጃቸው እየበላሁ እጠረጥራቸው ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሰኞ ተሽሎኝ ሄድኩ። ሲኞራዋ በሩን ከፍታ ስታየኝ ሁለት እጄን ያዘችኝ።

«ተመስገን መጣሽልኝ። ያቺን ሴትዮ ከየት ነው ያመጣሻት? ሾርባዋ ጨው ብቻ፣ ፓስታዋ ሊጥ ነው። የባሌን ሸሚዝ አቃጠለችው። ማንም እንዳይቀጥራት ለጎረቤቶቼ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ፓስታ ሊጥ ያደረጉት እትዬ እታገኘሁ ናቸው። አራት ቀን ሙሉ፣ ራሳቸው ሥራ እየፈለጉ፣ እየተሰደቡ።

ዝም ብል ቦታዬ ቦታዬ ነው። ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«ሲኞራ፣ እሳቸው ከእኔ አሥር እጅ ይበልጣሉ። ሁሉንም ያበላሹት አውቀው ነው፤ እኔን ትተሽ እሳቸውን እንዳታስቀሪ ብለው።»

ቆጣ ትላለች ብዬ ጠበቅኋት። ሕፃኑን ከአልጋው አንስታ ታቅፋ የኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ብታመም» አለች፣ «እንዲህ የሚያደርግልኝ ሰው የለኝም።»

ከዚያ ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝና ስልኩን አንስታ ለጎረቤቶቿ አንድ በአንድ መደወል ጀመረች።