አካኮ ታፋ በፈረንሳይኛ ሲመርቁ

ሔለን ከፈረንሳይ በመጣች በመጀመሪያው ቀን አያቷ ተፉባት።

ነገሩ ምርቃት ነበር። አካኮ ታፋ የዱሮ ሰው ናቸው፤ ሲመርቁ መጨረሻ ላይ «ቱፍ» ይላሉ፣ ከአፋቸው የምትወጣዋ ጠብታ በረከት ናት። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለው የቤተሰቡ ልጅ ሁሉ በዚያች ጠብታ ነው ያደገው። ሔለን ግን ሊዮን ተወልዳ ሊዮን ያደገች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ማን ይንገራት? ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ጓዳ ገባች፣ በሩን ዘጋች።

ሽማግሌው ክፉኛ አዘኑ። የጠብታው መጠረግ አልነበረም ያሳዘናቸው። እሳቸው ሲመርቁ ተመራቂው «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያለ መቀበል አለበት። «መልስ ያጣ ምርቃት መሬት ይወድቃል» አሉ። የሔለን አባት ባቻ፣ የመጨረሻ ልጃቸው፣ ሳይመረቅ ከቤት ወጥቶ እዚያው ፈረንሳይ ሞቶ ቀርቷል። አሁን ደግሞ ልጁ ቅዳሜ ትመለሳለች።

«እኔ አስረዳታለሁ» አለች ሶረቲ።

ሶረቲ የሔለን የአጎት ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንግሊዝኛዋ መምህራን ፊት ያስከብራታል፣ ምላሷ ደግሞ ከክፍል ያስወጣታል። ሔለን ትመጣለች ከተባለ ጀምሮ በስልኳ ፈረንሳይኛ ስታጠና ከርማለች፤ ስልኩ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ጋሮማ ሳቀ። «በኦሮምኛ የተባለውን በእንግሊዝኛ አስበሽ በፈረንሳይኛ ልትነግሪያት? እዚህ ቅርብ ዲጋ ለመሄድ በሩቁ ጊምቢ እንደ መዞር ነው።»

«አንተ ገና መናኸሪያ ነህ» አለችውና በሩን አንኳኳች።

«ቦንዡር፣ ማድሟዜል» ብላ ጀመረች፤ ስልኩ ያስተማራትን «እርስዎ» ሳትሰስት። የወለጋ ሰላምታ ደግሞ በአጭሩ አያልቅም፤ እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብዎ ደህና ነው፣ ከብቶችዎስ ደህና ናቸው እያለች ቀጠለች። በሩ ገርበብ አለ። ሔለን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ግማሹን እየዋጠች አንድ ነገር ተናገረች። ሶረቲ የያዘችው «ከብት» የሚለውን ብቻ ነበር። በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

«የኔ ፈረንሳይኛ ክራቫት አስሯል» አለች ለእናቷ ለእታገኝ፤ «የሷ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ በኋላ የስልኩን ትምህርት ተወችውና ፓሪስ የምትኖር አንዲት እንግሊዛዊት የምትለቃቸውን ቪዲዮዎች ማየት ያዘች፤ የሰፈር ፈረንሳይኛ፣ ልጆች እርስ በርስ የሚያወሩት። ሳህን ስታጥብ ታነበንባለች፣ ውሃ ስትቀዳ ታነበንባለች። እናቷ በጠበል የሚያምኑ የጊዳ አያና ሰው ናቸው፤ «ኧረ ጠበል ልውሰድሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

ሐሙስ ጠዋት ጋሮማ ሔለንን ገበያ እንሂድ ብሎ በምልክት ጠየቃት። ሔለን ሶፋው ላይ ተዘርግታ «ዤ ላ ፍሌም» አለች።

ሶረቲ ጆሮዋ ቆመ። ይቺን ታውቃታለች። ስንፍናዬ ተነሣ፣ ሰውነቴ እምቢ አለኝ ማለት ነው።

«እኔም ዤ ላ ፍሌም» ብላ አጠገቧ ዘፍ አለች።

ሔለን ዞር ብላ አየቻት፣ ከዚያ ከመጣች ጀምሮ ያልሳቀችውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳቀች። እስከ ምሳ አወሩ፤ ቃል ሲያልቅባት ሶረቲ በእጇ፣ እጇ ሲያልቅባት በቅንድቧ። አያትሽ አልሰደቡሽም፣ መረቁሽ አለቻት። አንድ በመረቁሽ ቁጥር አንቺ በገዛ ቃልሽ እሺ በያቸው፤ ጠብታዋን ደግሞ ሽቶ ናት ብለሽ አስቢ። ሔለን አፍንጫዋን ነፋች፣ ግን እምቢ አላለችም።

ቅዳሜ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ጋሮማ ጠጋ ብሎ «ሃ ታኡ በዪ፣ ሃ ታኡ» እያለ ያስጠናት ጀመር።

«ተው» አሉ አካኮ ታፋ በትራቸውን ተደግፈው። «እንደ በቀቀን አታስጠኑልኝ። ከራሷ አፍ የሚወጣውን ነው የምፈልገው።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «እንደ ኦዳ ለምልሚ።»

ሶረቲ ኦዳን በእንግሊዝኛም አታውቀው፣ እንኳን በፈረንሳይኛ። «እንደ ትልቅ ዛፍ ሁኚ» አለቻት፤ «ግን የሚያምርበት ዛፍ፣ ግራቭ ስቲሌ።»

ሔለን ሳቋን አፈነች። «ካሬማን» አለች።

ሁሉም ወደ ሶረቲ ዞረ።

«ልጆቹ ሙሉ በሙሉ ሲስማሙ የሚሉት ነው፣ አካኮ።»

«ሃ ታኡ ነዋ።»

«ከሃ ታኡም ትንሽ ይጠነክራል።»

ሽማግሌው አሰቡበት። ፊታቸው ፈታ አለ። «የሄድሽበት ይቅናሽ።»

«ቲ ቫ ዤሬ» አለች ሶረቲ፤ ትወጪዋለሽ እንደ ማለት።

«ካሬማን።»

«አባትሽ ሳይወስደው የሄደውን አንቺ ውሰጂ።»

ለዚህ ሶረቲ የሰፈር ቃል አልነበራትም። ባላት ተራ ቃል ተናገረች። «ይሄ የፓፓሽ ነበር። አሁን ያንቺ ነው።»

ምርቃቱ አየር ላይ ቆመ፣ የአዛውንቱ እጅም እንደተዘረጋ ቆመ። ማንም አላሳሰበም፣ ጋሮማ እንኳ።

«ካሬማን» አለች ሔለን በመጨረሻ፣ ዝቅ ብላ፤ ግን ሁሉም ሰማ።

አካኮ ታፋ ቱፍ ሊሉ አፋቸውን አሹለው ተዉት። ያለፈው ትዝ ብሏቸዋል። ሔለን ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ሰበሰበችና አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ቱፍ።»

አልጠረገችውም።

ሽማግሌው ጀርባቸው ቀና አለ። «አንተስ ጋሮማ፣ ፈተና የለብህም? ና። እውቀት ይግለጥልህ።»

«ሃ ታኡ» አለ ጋሮማ።

አካኮ ታፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን አይደለም። እንዴት ነበር ያልሽው፣ ሶረቲ? ያ ጠንካራው።»

ጋሮማ መሬት መሬት እያየ «ካሬማን» አለ።

«አልሰማንህም» አለች ሶረቲ።