እጅሽ ገና ነው

ሰብለ ወንጌልን ሦስት ዓመት ሙሉ ሪትም ላይ ያስቀመጥኳት ለእሷ ብዬ አልነበረም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጊታር የማስተምረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚመጣው ጊታር ይዞ ፎቶ ለመነሳት ነው። ሁለት ወር ይቆይና ጣቱ ሲላጥ ይጠፋል። ሰብለ ግን አልጠፋችም። ስትመጣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እዚያው ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ትመጣለች፤ ጥጥ እንደምትፈትል ሴት አቀርቅራ ያሳየኋትን ስትደጋግም ታመሻለች።

አባቷ መሪጌታ ፅጌ ማርያም ደቅ ደሴት ላይ ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጊታር ልትማር መሆኑን ሲሰሙ ኩርፊያቸው ወር ፈጀ አሉ። በመጨረሻ አንድ ቃል አስገብተው ለቀቋት፤ መምህርሽ “እለፊ” ሳይልሽ ወደሚቀጥለው ትምህርት እንዳታልፊ። እሳቸው ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው፤ ተማሪው የቱንም ያህል ቢችል የኔታ ካላሉት አያልፍም። እሷም ይህንኑ ሕግ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። የኔታ ያገኘች መስሏት!

ብሉዝ ለሚማር ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ሦስት ኮርድ ነው። ሦስቱ ባር በሚባሉ አሥራ ሁለት የምት ክፍሎች ውስጥ እየተቀያየሩ ይዞሩና ወደጀመሩበት ይመለሳሉ። ይህን የሚይዘው ሪትም ነው። ሊዱ ከላይ ዜማውን ያወራል፤ ብቻውን የሚጫወትበት ሶሎ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ሁሉ ዝቅ ይልለታል። እኔ መጀመሪያ ከካሴት፣ ኋላም ከስልክ እየሰማሁ ሃያ ዓመት ሶሎ ስለማመድ ከሥሬ ሪትም የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። ሰብለ ስትመጣ አገኘሁ። ታዲያ ለምን ብዬ አሳልፋታለሁ?

“ጋሽ ሣህሉ፣ ሶሎ መቼ ይጀምሩልኛል?” ትለኛለች።

“እጅሽ ገና ነው።”

“እሺ።”

እሺ ትላለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልጠቆረም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ዘግይቼ ስደርስ ከበሩ ውጭ ሰማኋት። ከሪትሙ ወጥታ አራት አምስት ኖታ ትጫወታለች፤ አንዷ ላይ ስትደርስ ክሩን ገፋ ታደርግና ድምፁ ሰው ይሆናል። እኔ በሃያ ዓመት ያላገኘሁት ድምፅ ነበር። ቀናሁ። በሃምሳ ዓመቴ፣ ልጄ ልትሆን በምትችል ሰው ቀናሁ። በሩን በርግጄ፣ “ማን ፈቀደልሽ? ድምፁ ቆሻሻ ነው!” አልኳት። አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ዘንድሮ አገርነሽ የምትባል የቆየች ዘፋኝ ጣና ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ የእሑድ ምሳ ፕሮግራም አገኘች። ካንትሪና ብሉዝ ልትዘፍን ነው። በባሕር ዳር የባጃጁ ነጂ ሳይቀር ካንትሪ እንደሚወድ ታውቃለች። “ሊዱን አንተ ያዝ፤ ሪትም የሚይዝልህ ሰው አምጣና ሐሙስ እንሞክር” አለችኝ። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ማበጥ ጀምሯል፤ ብዙ ዓመት እንደማይቀራቸው አውቃለሁ። ሰው ፊት አንድ ሶሎ ሳልጫወት መሞት አልፈለግኩም። ልመናዬ ሁሉ እሱ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሎጁ ባዶ ነበር። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ሰብለ ሪትሙን ያዘች፣ አገርነሽ መዝፈን ጀመረች፣ እኔም ከላይ ገባሁ። አባቴ ሰባታሚት ቀበሌ ውስጥ በየሠርጉ ማሲንቆ ይመታ ነበር። ማሲንቆ ዘፋኙን አይለቅም፤ በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። ብሉዝ ላይ ግን ጊታር ዘፋኙ እስኪጨርስ ይጠብቅና ነው መልስ የሚሰጠው። ይህን ለሰብለ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። የራሴ ጣት ግን ያደገበትን አይተውም።

“ሣህሉ፣ እየዘፈንሁ እኮ ነው!” አለች አገርነሽ አቋርጣ።

“ይቅርታ፣ ድገሚው።”

ደገመችው። እኔም ጥፋቴን ደገምኩ። በሦስተኛው ማይኩን አስቀመጠችና፣ “እስኪ አንተ አረፍ በል። ልጅቱ ብቻዋን ትምታልኝ” አለች።

ሰብለ አየችኝ። እሺ በያት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ምን ላድርግ? ሪትሙን ጀመረች። አገርነሽ የመጀመሪያውን መስመር ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ፣ በዚያች ክፍተት ሰብለ ሦስት ኖታ ጣል አደረገች። ያንኑ ቆሻሻ ነው ያልኳትን ድምፅ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሪትሟ ተመለሰች። አገርነሽ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ጠረጴዛ የሚወለውለው አስተናጋጅ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

“አንቺ ልጅ፣ እሑድ ትመጫለሽ” አለች አገርነሽ ዘፈኑ ሲያልቅ። “መድረኩ ጠባብ ነው፤ አንድ ጊታር ይበቃኛል። ሣህሉ፣ አትቀየመኝ።”

ሰብለ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

“ጋሽ ሣህሉ፣ ሳላስበው እጄ አመለጠኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? አልፌያለሁ?”

ማለፍ? እኔን ካለፈችኝ ቆይታለች። የሚፈለግብኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

“እጅሽ ገና ነው” አልኳት።

“ምን ትላለህ አንተ?” አገርነሽ ጮኸችብኝ። “ልጄ፣ እሱን አትስሚው!”

ሰብለ ግን ጊታሯን ቦርሳው ውስጥ እየከተተች ነበር። “እሺ” አለች።

ቅዳሜ እንደ ልማዷ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኳት። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ተመልሳ ከሥሬ ሪትም የምትይዝልኝ መስሎኝ ነበር። አልመጣችም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣችም። አገርነሽ ኦርጋን የሚጫወት ሰው ይዛ ጀመረች። እኔ በሐይቁ ዳር ማለፍ ትቻለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሶሎዬን እሞክራለሁ፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም።

ሁለት ወር ሲሆን ቆርጬ ፋርማሲው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ዋሽቼሻለሁ፤ ካለፍሽ ቆይተሻል። በቃ፣ አጭር ነው።

ስታየኝ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለች።

“ጋሽ ሣህሉ! እንዴት ዋሉ? መጥፋቴን አይቀየሙኝ። ጊታሩን ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ታገሡኝ፣ እኔ ግን አልሆነልኝም። አባባም፣ ‘እውነቱን የሚነግር መምህር ማግኘትሽ ደግ ነው’ አሉኝ።”

ባንኮኒው ላይ ያሳረፍኩትን እጄን አየችው። “ውይ፣ ጣትዎ እኮ አብጧል! ቆይ።” ከመደርደሪያው ቅባት አወረደችና መገጣጠሚያዎቼን አንድ በአንድ ራሷ ቀባችልኝ። የጣቶቿ ጫፍ ለስልሷል። ክሩ ሦስት ዓመት ያጠነከረው ቆዳ ተልጦ ጠፍቷል።

አሁን ተናገር፣ አልኩ ለራሴ።

“በቀን ስንት ጊዜ ልቀባው?” አልኳት።

“ጠዋትና ማታ” አለችኝ።